የጣና ብራናዎችና የእኩልነት ጥያቄ፦ ስብስብ በስብስብ ውስጥ



ዛሬ የማቀርበው የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው፦ ሁለት ስብስቦችን «አንድ ናቸው» የምንለው መቼ ነው? ጥያቄው የፕሮግራም ጸሐፊዎች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከባሕር ዳር በጀልባ የምንደርስባቸው ገዳማት ብራናዎች ከኮምፒውተር አስቀድመው አንሥተውታል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት የጣና ገዳማትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሡ፤ የክብራን ገብርኤል መጻሕፍት ካታሎግም በ1973 ታተመ። የካታሎግ አዘጋጅ ችግሩ አንዱ ጥራዝ ብዙ ድርሰት፣ አንዱም ድርሰት ብዙ ክፍል መያዙ ነው። በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰው ተአምረ ማርያም የተአምራት ስብስብ ነው፤ የተአምራቱ ብዛትና ቅደም ተከተል ከቅጂ ቅጂ ይለያያል። የመዝሙረ ዳዊት 150 መዝሙራት ግን ቦታቸው የተወሰነ ነው። ለመጀመሪያው «ምን ምን ይዟል?» ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል፤ ለሁለተኛው ቅደም ተከተሉም የመጽሐፉ ማንነት አካል ነው።

አዘጋጁ ሁሉን ከሁሉ ጋር አያመሳክርም። የድርሰቱን መነሻ ቃላት ይመዘግባል፤ መነሻቸው የተመሳሰለውን ብቻ ወስዶ ያነጻጽራል። እ.ኤ.አ. በ1953 የአይቢኤሙ ሃንስ ፒተር ሉን ባዘጋጁት የውስጥ ማስታወሻ የቀረበው ሐሳብ ከዚህ ጋር ይቀራረባል፦ ከመረጃው አጭር ቁጥር አስሉ፤ መረጃውን በዚያ ቁጥር ሣጥን አስቀምጡ። ዛሬ ሃሽ የምንለው ይህ ነው። ሕጉም አንድ ነው፦ እኩል የሆኑ ነገሮች ሁሉ እኩል ቁጥር ሊኖራቸው ግድ ነው፤ ቁጥራቸው የተገጣጠመ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ሕጉ ሲጣስ ነገሩ በሣጥኑ ውስጥ እያለ ፈላጊው «የለም» ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የጃቫ የስብስቦች ማዕቀፍ ሁለቱን የብራና ዓይነቶች የመሰለ ልዩነት አበጀ። ቅደም ተከተል ባለው ዝርዝር፣ ከ1 ተነሥቶ በየደረጃው ያለው ውጤት በ31 ይባዛና የአባሉ ቁጥር ይደመርበታል፤ ስለዚህ (1፣ 2) 994 ሲሰጥ (2፣ 1) 1024 ይሰጣል። ቅደም ተከተል በሌለው ስብስብ ግን የአባላቱ ቁጥሮች ይደመራሉ እንጂ ሌላ የለም፤ ሁለቱም 3 ናቸው። ይሁንና የጃቫ ድርድር በይዘቱ ሳይሆን በማንነቱ ብቻ ስለሚነጻጸር፣ በዝርዝር ውስጥ የገቡ ይዘታቸው አንድ የሆኑ ድርድሮች «ይለያያሉ» ይባሉ ነበር። በድርድር ውስጥ ያለን ድርድር እስከ ውስጠኛው ንብርብር ወርዶ የሚያነጻጽር ዘዴ የተጨመረው በ2004 ነው።

የእኛ ውስጠኛ ንብርብር ፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ሲገባ ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ የየራሳቸው ቁጥር አገኙ። ስለዚህ ለማሽኑ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት ቃላት ናቸው። «እንግዲያው ሞክሼዎችን እናዋሕድ» ብንል ደግሞ በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ግን ሌባ ሆነ ማለት ነው። ለአማርኛ ፍለጋ የሚበጀው እኩልነት ለግእዝ ንባብ ጥፋት ይሆናል።

ጉዳዩ የአልጎሪዝም ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው። የገዳማቱ ወንጌላት በባዶ ገጾቻቸውና በዳርቻቸው የርስትና የስጦታ መዝገብ ይይዛሉ፤ ከጊዜ በኋላም ይጨመርባቸዋል። ቅጂዎችን በዋናው ድርሰት ብቻ አነጻጽሮ «ድግግሞሽ» ብሎ የሚያስወግድ ሥርዓት፣ ያንን የታሪክ ምስክር አብሮ ይጥላል። በሌላ በኩል በሙሉ ይዘቱ ሃሽ የተቀመጠ መዝገብ አንድ መስመር ሲጨመርበት ቁጥሩ ይለወጥና በገዛ ሣጥኑ ይጠፋል። ፓይተን የሚለወጥ ዝርዝርን ቁልፍ አድርጎ የማይቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ጥራዙ በማይለወጥ የመደርደሪያ ቁጥሩ ይታወቅ፤ ድርሰቱ በይዘቱ ይነጻጸር፤ ፊደሉም እንደየቋንቋው ሕግ ይመዘን። ሃሽ እኩልነትን አይወስንም፤ የተወሰነውን ይታዘዛል። ወሳኙ መጽሐፉን የሚያውቀው ሰው ነው። እንግዲህ ተማሪዎቼ፣ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ከመምህራኑና ከገዳማቱ ሊቃውንት ጋር ተቀምጣችሁ «ለእናንተ ሁለት መጻሕፍት አንድ የሚሆኑት መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።