በጭንቅ ዘመን የአዝማሪ፥ የሙሾና የፉከራ ተግባር

ሀገር በረኀብ ወይም በወረራ በታወከችበት ጊዜ ዜና መዋዕል የነገሥታቱንና የመኳንንቱን ሥራ ይመዘግባል፤ ሕዝቡ ግን ያሰበውንና የተሰማውን በዜማና በግጥም ያኖረዋል። ስለዚህ የቃል ግጥም እንደ መዝናኛ ብቻ ሊቈጠር አይገባውም፤ ሐዘን የሚገለጽበት፥ ፍርድ የሚሰጥበት፥ ልብም የሚጸናበት መሣሪያ ሆኖ ኖሯልና። ይህንንም ለማስረዳት ሁለት ዘመናት፥ ይኸውም ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው ክፉ ቀንና ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቈየው የኢጣልያ ወረራ ይበቃሉ።

አስቀድሞ ሥርዐቱን ማወቅ ያስፈልጋል። አዝማሪ ባለ አንድ አውታር መሰንቆውን ይዞ በግብር፥ በሠርግና በጠጅ ቤት ይዘፍናል። ይሁን እንጂ የሚያሰማው ግጥም ሁሉ የራሱ አይደለም፤ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥሙን ይነግረዋል፥ አዝማሪውም ቃሉን በዜማ አድርጎ ለጉባኤው ይመልሰዋል። ግጥሙ ሰምና ወርቅ ያለው ከሆነ ላይኛው ውዳሴ፥ ውስጠኛው ወቀሳ ሊሆን ይችላል። በለቅሶም አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ለቀስተኛው ይቀበላታል። ስለዚህ ቃሉ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የሁሉ ይሆናል፥ ደራሲውም ይሰወራል።

ክፉ ቀን የተባለው ዘመን የጀመረው ኢጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋራ በመጣው የከብት በሽታ ነው። ገበሬው የሚያርሰው በጥማድ በሬ ስለ ሆነ በሬው ሲያልቅ እርሻው ቆመ፤ ድርቅ፥ አንበጣና ተምችም ተጨመሩበት። ዐፄ ምኒልክ ሕዝቡ በእጁ መቈፈርን እንዳይንቅ ብለው ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ። የዚህ ረኀብ ክፋት ግን ሰውን በመግደሉ ብቻ አልቀረም። ሙሾ ለቀስተኛ ይፈልጋል፤ ተዝካርም እህል ይፈልጋል። ቀባሪ ታጥቶ ሬሳ በየመንገዱ የወደቀበት ጊዜ እንደ ነበረ የዘመኑ ሰዎች መስክረዋል። እንግዲህ መከራው ሐዘኑን ብቻ ሳይሆን ሐዘን የሚገለጽበትንም ሥርዐት ነክቶት ነበር።

በወረራው ዘመን የሆነው ከዚህ ይለያል። ጦርነቱ ሳይጀመር፥ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ ሕዝቡም በንግግርና በግጥም እንዲነሣሣ ተደረገ። የቅኔ ሊቅና የቴአትር ደራሲ የነበሩት ዮፍታሔ ንጉሤ ከዚህ ሥራ ዋነኞች ተካፋዮች አንዱ ነበሩ፤ በኋላም በሱዳን በስደት ኖረዋል። በጫካና በዱር ደግሞ ፉከራ፥ ሽለላና ቀረርቶ የአርበኛውን ወኔ ይጠብቁ ነበር።

ጠላት ራሱ የዚህን ኀይል ተረድቶታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ብዙ ሕዝብ ተጨፈጨፈ፤ በማግሥቱም ወር፥ በመጋቢት፥ ግራዚያኒ የኢጣልያ አገዛዝ በቅርብ ያልፋል እያሉ ሕዝቡን ያውካሉ በማለት ጠንቋዮች፥ ትንቢት ተናጋሪዎችና አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። ነገር ግን አዝማሪውን መግደል ቃሉን መግደል አልነበረም፤ ግጥሙን ያቀበለው ሰው ከታዳሚው መካከል ነበርና።

ይህ ማለት አዝማሪ ሁሉ አርበኛ ነበር ማለት አይደለም። አዝማሪ የሚተዳደረው በሽልማት ስለ ሆነ ባለሥልጣኑን ማወደስ የቈየ ልማዱ ነው፤ በወረራውም ዘመን ለገዢው የቀረበ ውዳሴ አልታጣም። ውዳሴው ከልብ ይሁን ከፍርሀት፥ ወይም ወርቁ ሌላ ይሁን፥ ከቃሉ ብቻ መፍረድ ያዳግታል።

ስለዚህ የታሪክ ተመራማሪ በእነዚህ ግጥሞች ሲጠቀም ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ስለ አንዱ ጦርነት የተባለው ግጥም ስሙ እየተለወጠ ለሌላው ይባላል፤ ለአንዱ ጀግና የወረደው ሙሾም ለሌላው ይወርዳል። ግጥም ለቀንና ለቦታ አስተማማኝ ምስክር አይደለም። ሕዝቡ ማንን ጀግና፥ ማንን ከዳተኛ እንዳለ፥ ምንን እንደ ነውር፥ ምንንስ እንደ ክብር እንደ ቈጠረ ለማወቅ ግን ከእርሱ የሚቀርብ ምስክር በቀላሉ አይገኝም። የቃሉ ባለቤቶችም ሟች ስለ ሆኑ፥ ግጥሙን ከነተባለበት ሥርዐትና ከነተናጋሪው ማንነት መጻፍ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።