ብርሃንና መስኮት፦ በኤሌክትሪክ የሚጠቁረው መስታወት ታሪካዊ አመጣጥ

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባካሄደው ረጅም ትግል ቤት የመጀመሪያው ምሽጉ ነበር። ግድግዳ ነፋስን፣ ጣሪያ ዝናብን፣ በር አውሬን ይከለክላል። ብርሃን ግን ሙሉ በሙሉ የሚከለከል ጠላት፣ ሙሉ በሙሉም የሚገባ ወዳጅ አይደለም፤ ሲጎድል ዓይን ያደክማል፣ ሲበዛ ያቃጥላል። ስለዚህም ከቤት ክፍሎች ሁሉ ክርክር የበዛበት መስኮት ነው። ምን ያህል ብርሃን ይግባ? የሚወስነውስ ማን ነው? የሚለው ጥያቄ የግንበኞች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ግብር አስከፍሏል፣ ሕግ አስወጥቷል፣ ድሆችን በጨለማ አስቀምጧል። ዛሬም በኤሌክትሪክ ኃይል ሲፈለግ የሚጠቁር፣ ሲፈለግ የሚጠራ መስታወት ሥራ ላይ በዋለበት ዘመን ያው ጥያቄ መልኩን ለውጦ ቀርቧል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ከተለዩት በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግብር የተጣለበት ብርሃን

መስኮትን በመስታወት መግጠም የተጀመረው በሮማውያን ዘመን ነው። በ79 በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ የተቀበረችው የፖምፔይ ከተማ ስትቆፈር በመታጠቢያ ቤቶቿ የመስኮት መስታወት ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት መስታወት የአብያተ ክርስቲያናትና የመሳፍንት ሀብት ሆኖ ሲቆይ፣ ተራው ሕዝብ መስኮቱን በእንጨት ሳንቃ ወይም ዘይት በጠጣ ጨርቅ ይዘጋ ነበር። በ1665 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በሚኒስትሩ በኮልቤር አማካይነት ንጉሣዊ የመስታወት ፋብሪካ አቋቋመ። የቬርሳይ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ያጌጠባቸው 357 መስታወቶች የዚህ ፋብሪካ ሥራ ናቸው። ፋብሪካው በኋላ ሳን ጎባን በሚለው ስም ታወቀ፤ ይህ ስም በታሪኩ ፍጻሜ እንደገና ብቅ ይላል።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1696 በመስኮቶች ቁጥር ልክ የሚከፈል ግብር ታወጀ። የሕጉ አርቃቂዎች ብዙ መስኮት ያለው ሰው ሀብታም ነው የሚል ስሌት ነበራቸው። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ባለንብረቶች ከግብሩ ለማምለጥ መስኮቶቻቸውን በጡብ ደፈኑ፤ በአዲስ ለሚሠሩ ቤቶችም መስኮት ነፈጉ። በኢንዱስትሪ ከተሞች ብዙ ቤተሰብ ታጭቆ የሚኖርበት የኪራይ ሕንጻ እንደ አንድ ቤት ይቆጠር ስለነበር፣ በጨለማና በታፈነ አየር ከሁሉ ይልቅ የተቀጣው መስኮቱን የመድፈንም ሆነ የመክፈት ሥልጣን ያልነበረው ሠርቶ አደር ነበር። በ1746 በመስታወት ክብደት ላይ የሚጣል ሌላ ቀረጥ ተጨመረ። የብርሃን እጦት የበሽታ ምንጭ መሆኑን ሐኪሞች ደጋግመው ካመለከቱ በኋላ የመስታወቱ ቀረጥ በ1845፣ የመስኮቱ ግብር በ1851 ተሻረ። ብርሃን በእንግሊዝ አገር 155 ዓመት ሙሉ ግብር ሲከፈልበት ኖረ ማለት ነው።

በዚያው በ1851 ለንደን ውስጥ የዓለም ኤግዚቢሽን ተከፈተ። አትክልተኛው ጆሴፍ ፓክስተን የነደፈው አዳራሽ፣ ክሪስታል ፓላስ የተባለው፣ ከብረትና ወደ 300,000 ከሚጠጉ የመስታወት ገበታዎች የተሠራ ነበር። መስታወቱን የሰጠው በበርሚንግሃም አቅራቢያ የነበረው የቻንስ ወንድማማቾች ፋብሪካ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ገበታ የመስታወት ነፊዎች የሳምባ ውጤት ነበር። የቀለጠውን መስታወት በረጅም ቧንቧ እየነፉ በርሜል ያስመስሉታል፤ በርሜሉ ተሰንጥቆ በእቶን ውስጥ ይዘረጋል። ሕንጻው ስድስት ሚሊዮን ጎብኚ አስተናገደ። ይሁን እንጂ ብርሃን የፈለገው ዘመን የብርሃንን ሌላ ጠባይ ወዲያው ተማረ፤ የበጋው ፀሐይ አዳራሹን እንዳያግለው በጣሪያው ላይ የአቡጀዴ መጋረጃ መዘርጋት ግድ ሆነ። ከመስታወቱ ቤት ጋር የጥላ ችግር አብሮ ተወለደ።

ያልተከፈተው ግድግዳ

ይህ ችግር በኪነ ሕንጻ ታሪክ ጎልቶ የታየው በፓሪስ ነው። ታዋቂው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ ሳልቬሽን አርሚ ለተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ መጠጊያ ላጡ ሰዎች የሚሆን ትልቅ ማደሪያ ሠራ። ሕንጻው በ1933 መጨረሻ ተመረቀ። ወደ ደቡብ የሚመለከተው ግንባሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስታወት ሲሆን፣ አንድም የሚከፈት መስኮት አልነበረውም። የአርክቴክቱ እምነት፣ ሳይንስ የቤትን አየር በየትኛውም አገር በአንድ ልክ ማለትም በ18 ዲግሪ ማኖር ይችላልና መስኮት መክፈት የአለፈ ዘመን ልማድ ነው የሚል ነበር። ለዚህም ሁለት ንብር መስታወትና የማቀዝቀዣ መሣሪያ ታስቦ ነበር። ገንዘቡ ሲያጥር ግን የቀረው እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ የታሸገው መስታወት ብቻ ቆመ።

በ1934 በጋ ሲመጣ ማደሪያው ምድጃ ሆነ። በውስጡ እናቶችና ሕፃናት ነበሩ። አርክቴክቱ ሐሳቡን ሲከላከል ቢቆይም የከተማው ባለሥልጣናት መስኮቶች እንዲከፈቱ አስገደዱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሕንጻው ሲታደስም በግንባሩ ላይ ከሲሚንቶ የተሠራ የፀሐይ መከላከያ ተጨመረለት። እዚህ ላይ ትምህርት የሚሆነው የአንድ ሰው ስሕተት አይደለም። በመስታወቱ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች፣ ሙቀቱን በቆዳቸው እያወቁት፣ መስኮት የመክፈት አቅም አለማግኘታቸው ነው። ዕውቀቱ በእነርሱ፣ ሥልጣኑ በሌላ ዘንድ ነበር።

ሆኖም ገንዘብ ያለው የመስታወት ግድግዳ መሥራቱን ቀጠለ። በ1952 በኒውዮርክ የተሠራው ሌቨር ሐውስ መስኮቶቹ የማይከፈቱ፣ አየሩ በማሽን የሚቀዘቅዝ ሕንጻ ሆኖ ለሌሎች አርአያ ሆነ። በ1959 የእንግሊዙ ፒልኪንግተን ኩባንያ የቀለጠ መስታወትን በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ በማንሳፈፍ ለስላሳና ሰፊ ገበታ የሚሰጥ አዲስ የአሠራር ዘዴ ይፋ ሲያደርግ መስታወት ረከሰ። የመስታወት ማማዎች ከቀዝቃዛው አገር አልፈው ወደ በረሃው ተስፋፉ፤ ሙቀቱን የሚያባርረው ነዳጅ ነበር። በ1973 የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲያሻቅብ ግን የመስኮት ጉዳይ እንደገና የሳይንስ ጉዳይ ሆነ።

ሰማያዊ የሚሆነው ሽፋን

መፍትሔው ቀድሞ በኬሚስቶች እጅ ነበር። በ1815 ስዊድናዊው ቤርዜሊየስ ተንግስተን ኦክሳይድ የተባለው ፈዛዛ ቢጫ ዱቄት በሃይድሮጅን ጋዝ ውስጥ ሲሞቅ ቀለሙን እንደሚለውጥ ተመልክቶ ነበር። ከ150 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1969፣ ሳትየን ዴብ የተባለው ተመራማሪ በአሜሪካ አገር በአንድ የኬሚካል ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይህንኑ ኦክሳይድ በቀጭኑ ቀብቶ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍበት ሽፋኑ ሰማያዊ እንደሚሆን፣ ኃይሉ ሲገለበጥም ተመልሶ እንደሚጠራ አሳየ። የዴብ የመጀመሪያ ሐሳብ መስኮት ሳይሆን ምስል መቅረጽ ነበር። ግኝቱን ከሕንጻ ጋር ያገናኙት ከነዳጁ ችግር በኋላ የተነሡት ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ስዊድናዊው ተመራማሪ ክላስ ዮራን ግራንክቪስት በ1980ዎቹ አጋማሽ «ብልህ መስኮት» የሚለውን አጠራር ካስፋፉት አንዱ ነው።

አሠራሩ ሲታይ የተወሳሰበ አይደለም። በመስታወቱ ገጽ ላይ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ሽፋኖች ይደረደራሉ። በዳርና በዳር ብርሃን የሚያስተላልፉ የኤሌክትሪክ አስተላላፊዎች አሉ። በመካከላቸው በአንድ ወገን ተንግስተን ኦክሳይድ፣ በሌላው ወገን ብዙ ጊዜ ኒኬል ኦክሳይድ፣ በመሐል ደግሞ አዮኖችን ብቻ የሚያሳልፍ ሽፋን አለ። ጥቂት ቮልት ሲሰጥ የሊትየም አዮኖች ወደ ተንግስተኑ ይጓዛሉ፤ ኤሌክትሮኖችም ከወዲያ ይመጣሉ፤ ሽፋኑም ሰማያዊ ሆኖ ይጠቁራል። ኃይሉ ሲገለበጥ አዮኖቹ ወደ መጡበት ይመለሳሉ፣ መስታወቱም ይጠራል። በሥራ ላይ ካሉት መስታወቶች ጥሩዎቹ ሲጠሩ 60 በመቶ ያህል፣ ሲጠቁሩ 1 በመቶ ያህል ብርሃን ያሳልፋሉ። ለውጡ ለትልቅ ገበታ ደቂቃዎች ይፈጃል። ኤሌክትሪክ በብዛት የሚያስፈልገው ቀለሙ በሚለወጥበት ጊዜ ስለሆነ ፍጆታው ትንሽ ነው።

ጥበቡ በመጀመሪያ በሰፊው የተሠራበት በመኪና ውስጥ ነው። በ1987 ጄንቴክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከኋላ የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት ራሱን የሚያጠቁር የኋላ ማሳያ መስታወት ለገበያ አቀረበ። በ1989 ደግሞ ሴጅ የተባለ ኩባንያ ለሕንጻ የሚሆነውን ለመሥራት ተቋቋመ። በ2012 የዚህ ኩባንያ ሙሉ ባለቤት የሆነው ማን ነበር? ሳን ጎባን፤ የሉዊ 14ኛን አዳራሽ በመስታወት ያስጌጠው ያው ፋብሪካ። ሦስት መቶ አርባ ሰባት ዓመታት አልፈው መስታወቱ ተለወጠ እንጂ ሠሪው አልተለወጠም።

የታዛዡ ቤት ጌታ

ራሱን የሚያጠቁር መስኮት ለብቻው የመጣ አይደለም፤ «ስማርት ሆም» በሚል ስም የሚታወቁት፣ ሙቀትን፣ መብራትንና በርን ራሳቸው የሚቆጣጠሩ የቤት መሣሪያዎች ጓደኛ ነው። የእነዚህ መሣሪያዎች ታሪክ አንዱ ምንጭ የሚገኘው በትምህርት ቤት መሆኑ መምህራንን ያስገርም ይሆናል። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ክፍለ አገር የመምህራን ማሠልጠኛ አስተማሪ የነበረው ዋረን ጆንሰን፣ የሕንጻው ተንከባካቢ ሙቀት ለመለካት በየጊዜው ወደ ክፍሉ እየገባ ትምህርት ማቋረጡ አሰልችቶት፣ በ1883 ሙቀቱን ለክቶ በምድር ቤት ለሚገኘው ተንከባካቢ በደወል የሚያስታውቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ፈለሰፈ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዚህ መሣሪያ ውስጥ ደወሉን ሰምቶ የሚወስነው ሰው መሆኑ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሰውን ከመሐል አወጣው። በ1975 በስኮትላንድ የሚገኘው ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ፣ ኤክስ ቴን በሚል ስም፣ ትእዛዝን በቤቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ልኮ መብራትን ከሩቅ የሚያበራና የሚያጠፋ ዘዴ ሠራ። ከኢንተርኔት መስፋፋት በኋላ ትእዛዙ ከቤት ውጭ መመላለስ ጀመረ። በ2014 ጉግል ኔስት የተባለውን የቤት ሙቀት መቆጣጠሪያ ሠሪ በ3.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በዚያው ዓመት ኔስት በተራው ሬቮልቭ የተባለውን፣ 300 ዶላር ያህል ይሸጥ የነበረ የቤት መቆጣጠሪያ የሚሠራ ኩባንያ ገዛ፤ በግንቦት 2016 ደግሞ መሣሪያው የሚታዘዝበትን የማዕከል ኮምፒዩተር አገልግሎት ዘጋ። ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙት ሰዎች መሣሪያ፣ ሳይሰበርና ሳይበላሽ፣ በየቤታቸው ሙት ዕቃ ሆነ። የቤቱ ባለቤት የመሣሪያው ጌታ አለመሆኑ ያን ቀን ግልጽ ሆነ።

መስኮት ከዚህ ሥርዓት ጋር ሲቆራኝ ጉዳዩ ይከብዳል። በትላልቅ የቢሮ ሕንጻዎች የመስታወቱን መጥቆርና መጥራት የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን በሚለካ መሣሪያ የሚመራ ማዕከላዊ ኮምፒዩተር ነው። ሕንጻ ለመቶ ዓመት ይሠራል፤ ኩባንያ ግን ያን ያህል ዕድሜ የለውም። በካሊፎርኒያ በ2007 የተመሠረተውና የዚህ መስታወት ዋና አምራች ከሚባሉት አንዱ የነበረው ቪው በ2024 የኪሳራ ከለላ ጠይቋል።

ኢትዮጵያውያን ተጓዦች ከዚህ መስታወት ጋር የሚተዋወቁት በሰማይ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ ወር 2004 ዓ.ም. ቦይንግ 787 የተባለውን አውሮፕላን ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀዳሚ ሆኖ ተረከበ። የዚህ አውሮፕላን መስኮቶች በእጅ የሚወርድ መዝጊያ የላቸውም። ከእያንዳንዱ መስኮት በታች ቁልፍ አለ፤ ተጓዡ ሲጫነው መስኮቱ ቀስ በቀስ ወደ ጥልቅ ሰማያዊነት ይለወጣል። ይሁን እንጂ የበረራ አስተናጋጆች ሁሉንም መስኮቶች ከአንድ ቦታ ማጥቆርና መቆለፍ ይችላሉ። ለሚተኙት መንገደኞች ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ የንጋቱን ፀሐይ ለማየት የፈለገው ግን ቁልፉን ቢጫን መልስ አያገኝም።

ለሥነ ጥበብ ሰዎች ደግሞ ሌላ መስታወት ለንጽጽር ቅርብ ነው። አፈወርቅ ተክሌ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ፣ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዕድል በሦስት ታላላቅ መስኮቶች፣ በ150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ቀርጾታል። ይህ መስታወት ቁልፍም ኮምፒዩተርም የለውም። የሚያበራው ፀሐይ ነው፤ ደመና ሲያልፍ ይደበዝዛል፣ ደመናው ሲገፈፍ ይነዳል። ከፊቱ የቆመ ሁሉ፣ መሪም ሆነ ተማሪ፣ ያንኑ ብርሃን ያያል።

በኤሌክትሪክ የሚጠቁረው መስታወት የብዙ ትውልድ ልፋት ውጤት ነው፤ የመስታወት ነፊዎች ሳምባ፣ የኬሚስቶች ትዕግሥት፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ጥንቃቄ ተዋህደውበታል። ነዳጅንና ኤሌክትሪክን በእርግጥ ይቆጥባል፤ ስለዚህ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ነገር ግን ከ1696ቱ ግብር እስከ ፓሪሱ ማደሪያ፣ ከማደሪያው እስከ 2016ቱ ሙት መሣሪያ ያለው ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ነው፤ ጉዳት የደረሰው ቴክኖሎጂው በማነሱ ሳይሆን፣ በመስኮቱ ሥር የሚኖረው ሰው ቃል በመነፈጉ ነው። ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል ወይም መኖሪያ ቤት ሲነደፍ፣ መስታወቱ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ በውስጡ የሚቀመጠው ሰው እጁን ዘርግቶ የሚከፍተው አንድ መስኮት እንዲኖር መጠየቅ የአርክቴክቱም፣ የመምህሩም፣ የነዋሪውም ድርሻ ነው።