ቆሞ መጠበቅ ወንጀል የሚሆነው መቼ ነው?

«ቦዘኔ» ስትባል ስድብ ብቻ ትመስላችሁ ይሆናል። የሕግ ቃልም ናት እኮ! በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 384 አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የታወጀ ነው።

አዋጁ ሰውን ሲመዝን ሁለት ነገር ያያል፦ ሠርቶ ለመብላት አቅም አለው ወይ? የሚታይ መተዳደሪያስ አለው ወይ? አቅም እያለው መተዳደሪያ የሌለው ሰው ከተዘረዘሩት አድራጎቶች በአንዱ ከተገኘ ቦዘኔ ይባላል። ተጠርጥሮ ከተያዘም በዋስ አይለቀቅም።

ነገሩ በ1996 አልተጀመረም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ፖሊስ በአደገኛ ቦዘኔነት የጠረጠረውን ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲይዝ ፈቅዶ ነበር። በሌላው ዓለም ደግሞ ሁለቱ መመዘኛዎች ገና ብዙ ዘመን ይቀድማሉ። በ1349 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ወረርሽኝ ሲፈጃት የጉልበት ሠራተኛ ጠፋ፤ የተረፈውም ደመወዝ ይጨመርልኝ አለ። ንጉሡ ታዲያ ምን አደረገ? ዕድሜው ከ60 በታች የሆነ፣ ጉልበት ያለውና የራሱ መተዳደሪያ የሌለው ሁሉ ለፈለገው ጌታ በድሮው ደመወዝ እንዲሠራ አዘዘ። ዓላማው ጉልበት እንዳይወደድ ነበር።

አሁን ወደ ሳንጃ እንምጣ። የታች አርማጭሆዋ ከተማ ያለችው ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ፣ በሰሊጥ አገር ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይፈለጋል፤ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛም ቀጣሪ እስኪያገኝ መንገድ ዳር ይጠብቃል። ልብ በሉ፦ ይህ ሰው አቅም አለው፤ የሚታይ መተዳደሪያ ግን ገና የለውም። ሁለቱን መመዘኛዎች ሥራ ፍለጋ በመምጣቱ ብቻ አሟላ ማለት ነው። የቀረው በተመልካቹ ዓይን ላይ ይወድቃል።

የከተማ ነዋሪ ሌባና ጠብ መፍራቱ እውነት ነው፤ ሊናቅ አይገባም። ግን ስርቆትም ድብደባም በራሳቸው ወንጀል ናቸው፤ ለእነሱ ሕግ አለን። የቦዘኔ ሕግ ልዩነቱ ምንም ያልሰረቀውንም መያዝ መቻሉ ነው።

ፍርድ ቤቶችም ይህን አይተዋል። በ1972 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጃክሰንቪል ከተማን የቦዘኔ ደንብ ሻረው፤ ደንቡ ምን እንደተከለከለ ለሰው በግልጽ አይነግርም፣ ለፖሊስም ገደብ የሌለው ሥልጣን ይሰጣል በማለት። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት እንዲህ ያሉ ሕጎች ከአፍሪካ ቻርተር ጋር ይጋጫሉ የሚል የምክር አስተያየት ሰጠ። ቻርተሩን ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች።

እንግዲህ «ሥራ ፈቶች ከመንገድ ይነሱ» ሲባል ስትሰሙ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሰውየው ምን አደረገ? መልሱ «ቆሟል» ብቻ ከሆነ፣ የተከሰሰው ድህነቱ ነው።