በቁጥር መፍረድ፤ የቤዝቦል መዝገብ አጭር ታሪክ

ሰው በሚዛን ያላኖረውን ነገር ከበደ ወይም ቀለለ ብሎ በእርግጥ ሊፈርድ አይችልም። ዳሩ ግን ሚዛኑ ራሱ የተዛባ እንደ ሆነ ፍርዱም አብሮ ይዛባል። ይህንን ለማስረዳት በአሜሪካ አገር እጅግ የተወደደውን የቤዝቦልን ጨዋታ መርጠናል። አሜሪካኖች በዚህ ጨዋታ ውስጥ ያልቆጠሩት ነገር ጥቂት ስለ ሆነ፣ ቁጥር እንዴት እንደሚያስተምርና እንዴትም እንደሚያሳስት ታሪኩ በጉልህ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ኳስን በዱላ መምታቱ የገናን ጨዋታ ቢያስታውስም አካሄዱ ፈጽሞ ሌላ ነው። ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፤ መቺው መትቶ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሮጣል፤ ማረፊያዎቹን ሁሉ ዞሮ ወደ ተነሣበት የተመለሰ እንደ ሆነ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ወርዋሪው አራት ጊዜ ከተወሰነው ስፍራ ውጭ ቢወረውርና መቺው ታግሦ ቢተወው፣ ያለ ምት ወደ መጀመሪያው ማረፊያ በነጻ ያልፋል። አንድ ቡድን በዘጠኙ ዙር የሚመታው 27 ሰዎች ከጨዋታ እስኪወጡበት ድረስ ነው። እንግዲህ ይህ 27 የቡድኑ ገንዘብ ነው ማለት ይቻላል፤ ሳይወጣ ማረፊያ የያዘ ሁሉ ከዚህ ገንዘብ ምንም አላጠፋም።

የዚህ መዝገብ አባት የሚባለው ሄንሪ ቻድዊክ ነው። እርሱ በ1824 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኤክሲተር ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ብሩክሊን የመጣ፣ በኋላም ስለ ክሪኬትና ስለ ቤዝቦል የሚጽፍ ጋዜጠኛ ነበር። በ1859 ዓ.ም. የአንድን ጨዋታ ሥራ በሙሉ በአንዲት ሠንጠረዥ አጠቃሎ አሳየ። የመቺዎችም አማካይ፣ ይኸውም ምቱ ለሙከራው ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር፣ የተጫዋች ዋና መለኪያ እንዲሆን ብዙ ደከመ። ነገር ግን በነጻ ማለፍን የወርዋሪው ጉድለት እንጂ የመቺው ብልሃት አይደለም ብሎ ስላመነ ለመቺው ምንም አላሰበለትም። በ1887 ዓ.ም. በነጻ ማለፍ እንደ ምት እንዲቆጠር ተደረገ፤ የመቺዎች አማካይ ሁሉ ከልክ በላይ ስላደገ ግን ደንቡ ከአንድ ዓመት አላለፈም።

ይህ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚያሳስት በቀላል ሒሳብ እናሳይ። ሁለት መቺዎች በየፊናቸው 500 ጊዜ ሞክረው 150 ጊዜ ቢመቱ የሁለቱም አማካይ 0.300 ነው፤ የሁለቱም መውጣት 350 ነው። ነገር ግን አንደኛው 20 ጊዜ፣ ሁለተኛው 100 ጊዜ በነጻ ቢያልፉ፣ አንደኛው ከ520 ጊዜ 170፣ ሁለተኛው ከ600 ጊዜ 250 ማረፊያ ይዘዋል። የፊተኛው 0.327፣ የኋለኛው 0.417 ይሆናል። አሮጌው ቁጥር እኩል ናቸው አለ፤ ሁለተኛው ግን ለቡድኑ 80 ጊዜ በልጦ ጠቅሟል። በ1941 ዓ.ም. የቦስተኑ ቴድ ዊልያምስ አማካይ 0.406 ስለ ነበረ እስከ ዛሬ ይወሳል፤ በዚያው ዓመት 147 ጊዜ በነጻ አልፎ ማረፊያ የመያዝ መጠኑ 0.553 መድረሱን ግን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው።

ከመጠን በላይ ከተከበሩት ቁጥሮች አንዱ ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ የተመዘገበው፣ መቺው በምቱ ያስገባው ነጥብ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ነጥብ የብዙዎች ሥራ ነው፤ መዝገቡ ግን ለመጨረሻው ሰው ብቻ ያሸክመዋል። ጆ ካርተር በ1990 ዓ.ም. ለሳን ዲዬጎ ቡድን ሲጫወት አማካዩ 0.232 ብቻ ሆኖ ሳለ 115 ነጥብ አስገብቷል፤ ይህም ሊሆን የቻለው ከእርሱ በፊት የመቱት ጓደኞቹ ማረፊያዎቹን ይዘው ስለ ጠበቁት ነው።

የወርዋሪውም ድል እንዲሁ ነው። በ1987 ዓ.ም. የሂውስተኑ ኖላን ራያን በሊጉ ከሁሉ ያነሰ ነጥብ፣ ማለት በዘጠኝ ዙር በአማካይ 2.76 ብቻ አስቆጥሮ፣ 8 ጊዜ አሸነፈና 16 ጊዜ ተሸነፈ ተብሎ ተጻፈ። ወርዋሪው ምን ቢደክም ጓደኞቹ ካልመቱለት አያሸንፍም። ይህ ነገር እየቆየ ስለ ታወቀ በ2018 ዓ.ም. የኒውዮርኩ ጄኮብ ዲግሮም ድሉ 10 ብቻ ሆኖ ሳለ፣ አማካዩ 1.70 በመሆኑ የምርጥ ወርዋሪነቱን ሽልማት ተቀበለ።

አሮጌውን ልማድ ቀድመው ከተቃወሙት አንዱ ብራንች ሪኪ ነው። ይህ ሰው በ1947 ዓ.ም. ጥቁሩን ጃኪ ሮቢንሰንን በብሩክሊን ቡድን በማሰለፍ የታወቀ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት አለን ሮት የተባለውን የቁጥር ሊቅ ቀጠረ። በ1954 ዓ.ም. ላይፍ በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ማረፊያ መያዝ ከአማካይ እንደሚበልጥ አስረዳ። የሰማው ግን ጥቂት ነበር። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በካንሳስ በአንድ የምግብ ፋብሪካ የሌሊት ዘበኛ የነበረው ቢል ጄምስ በራሱ ወጪ መጽሐፍ አሳትሞ ክርክሩን ቀጠለ። ማረፊያ የመያዝ መጠን በሕግ የታወቀው በ1984 ዓ.ም. ነው።

የተናቀውን ያከበረ ምን እንደሚያተርፍ የኦክላንድ ቡድን አሳየ። በ2002 ዓ.ም. ለተጫዋቾቹ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ከፍሎ 103 ጨዋታ አሸነፈ፤ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ የከፈለው የኒውዮርክ ያንኪስም ያሸነፈው ያንኑ 103 ነው። እርግጥ ኦክላንድ ሦስት እጅግ ጎበዝ ወርዋሪዎች ነበሩት፤ ስለዚህ ድሉን ሁሉ ለአዲሱ ቁጥር ብቻ መስጠት ሌላ ማጋነን ይሆናል። በነጻ ማለፍም ቢሆን ከረዥም ምት ጋር እኩል አይደለም።

እስካሁን የተናገርነው በመጥፎ ሚዛን ስለ ተመዘኑ ሰዎች ነው። ከዚህ የሚከፋው ግን ጭራሹን ወደ ሚዛኑ ያልቀረቡት ናቸው። በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ከትላልቆቹ ሊጎች የታገዱ ጥቁሮች በራሳቸው ሊጎች ይጫወቱ ነበር፤ ሥራቸውም ከዋናው መዝገብ ውጭ ቀረ። ከእነርሱ ታላቁ መቺ ጆሽ ጊብሰን በጥር ወር 1947 ዓ.ም. በ35 ዓመቱ ሞተ፤ ሮቢንሰን ሜዳ የገባው ከሦስት ወር ያህል በኋላ ነው። ተመራማሪዎች የጥቁሮቹን ጋዜጦች እየገለጡ የየጨዋታውን ሠንጠረዥ ሰበሰቡ። በ2020 ዓ.ም. ከ1920 እስከ 1948 የነበሩት ሰባት ሊጎች ከዋናዎቹ ጋር እኩል መሆናቸው ታወጀ፤ በ2024 ዓ.ም. ቁጥራቸው ከመዝገቡ ጋር ተቀላቀለ። ያን ጊዜ የጊብሰን የዕድሜ ልክ አማካይ 0.372 ሆኖ የታይ ኮብን 0.367 በለጠ። የጊብሰን ሊጎች ጨዋታ ከኮብ ያነሰ፣ ሠንጠረዡም ያልተሟላ ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ነገሩ እውነት ነው። ሆኖም ያነሰበትና ያልተሟላበት ምክንያት እገዳው ራሱ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ቁጥር አይዋሽም፤ የሚቆጠረውን የሚመርጠው ግን ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ልማድ ያጸደቀውን ሚዛን ከመቀበላችን በፊት ምን እንዳልተመዘነ መጠየቅ ይገባናል። ወንጌል እንደሚነግረን በመቅደሱ ሣጥን ፊት የመበለቲቱ ሁለት ሳንቲም ከባለጠጎቹ ስጦታ በልጦ ተቆጥሯል። እኛም በነጥብና በደረጃ ተመዝነን የምንወጣ፣ ነገም በየሥራችን ሌላውን የምንመዝን ተማሪዎች ስለ ሆንን፣ ሚዛኑን ከመያዛችን በፊት ሚዛኑን እንመርምር።