ሙቀት የቻለው ብልቃጥ

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ አውራ ጎዳና ወርዶ ወደ ገጠሩ ለሚዘልቅ ከታቢ ቀሪው መንገድ የእግርና የበቅሎ ነበር። የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲጀመር፣ በዚያ መንገድ በረዶ ይዞ ቀናትን መሻገር የማይታሰብ ነበር።

መላው ቀደም ብሎ ተገኝቷል። በ1950ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ፣ በሊስተር ኢንስቲትዩት፣ ሌስሊ ኮሊየር ክትባቱን ከፔፕቶን ጋር አቀዝቅዞ አደረቀው። ፈሳሹ ክትባት በሙቀት ቶሎ ይበላሽ ነበር፤ ደረቁ ግን በ37 ዲግሪ አንድ ወር ቆይቶም ኃይሉን አያጣም።

ከታቢው ብልቃጡን ሰብሮ ዱቄቱን ግሊሰሪን ባለው ፈሳሽ ያሟሟዋል። ጫፏ እንደ ሹካ የተሰነጠቀች መርፌ ስትነከር አንዲት ጠብታ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ትንጠለጠላለች፤ ከዚያ ክንድ ላይ 15 ጊዜ ጠቅ ጠቅ። ከተሟሟ በኋላ ግን ክትባቱ አይከርምም፤ የዕለቱ ትርፍ ይጣላል። ይህ ጥንቃቄ ከኮሊየር ግኝት ያላነሰ ክብር ይገባዋል።



የአገሪቱ የመጨረሻ የፈንጣጣ ታማሚ በኦገስት 1976 ባሌ ውስጥ፣ ዲሞ መንደር ተገኘች። በ1980 መደበኛው የክትባት ፕሮግራም ሲጀመር ግን የፖሊዮ ክትባት ያን ያህል ሙቀት አልቻለም፤ የበረዶ ሳጥኑም ከታቢውን ተከትሎ ገጠር መውረድ ግድ ሆነበት።