ከኩበት ክምር እስከ ሩዝ ገለፈት፦ ማገዶና መድኃኒት በፎገራ ሜዳ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያቋርጡት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ነው። ይህ መሬት ከዛፍ ይልቅ ለሣር የተመቸ በመሆኑ ከጥንት ጀምሮ የከብት አገር ሆኖ ኖሯል። በአካባቢው ስም የሚጠራውና በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት ዝርያም የዚሁ ሣር ልጅ ነው። ዛፍ ባነሰበት አገር ማገዶውም ከከብቱ መምጣቱ የግድ ነበር።

ኩበት ብዙ ጊዜ የድህነት ምልክት ተደርጎ ይታያል። አሠራሩ ግን ሙያ ነው። እበቱ በእርጥቡ ይሰበሰባል፤ ከጭድ ጋር ይለወሳል፤ በእጅ ተጠፍጥፎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅም ዝናብ እንዳያገኘው ተከምሮ ይከደናል። በበጋ ያልጠፈጠፈች እናት በነሐሴ ምጣዷን የምታግልበት አይኖራትም። በሌላ በኩል ጭሱ ዓይንና ሳንባ መጉዳቱ የማይካድ ሲሆን፣ ይህን ዋጋ የከፈሉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሁለተኛውን ዋጋ የከፈለው ማሳው ነው። የነደደ ኩበት አመዱ ጓሮ ቢደፋም ናይትሮጂኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳልና አፈሩ ከፍግ የሚያገኘው ይቀርበታል።

መድኃኒቱም እንደ ማገዶው ከደጅ የሚገኝ ነበር። ጤና አዳምና ዳማከሴ በጓሮ፣ ሰንሰልና እንዶድ በአጥር ይበቅላሉ። ዳማከሴ ለምች፣ ፌጦ ለሆድ ሕመም መሆኑን ያላወቀ ቤት አልነበረም። እንዶድ እንዲያውም ከአጥር ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰ ተክል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች፣ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ በተነሣው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። የእንዶድን አረፋ ግን እናቶች ከዚያ አስቀድሞ ያውቁት ነበር።

ዛፍ የሆነው መድኃኒት፣ እንደ ብሳናና ወይራ ያለው፣ በአብዛኛው የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባደረጉት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ደኑን የጠበቀው በመጀመሪያ ሃይማኖታዊ ክብሩ ነው፤ ሆኖም የምእመናኑ ምድጃ ኩበት ባያገኝ ኖሮ ያ ክብር ብቻውን መጥረቢያን ይመልስ ነበር ብሎ በድፍረት መናገር ያስቸግራል።

ሁኔታው የተለወጠው ሩዝ ሲመጣ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የጅግናና የሻጋ አምራች የኅብረት ሥራ ማኅበራት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ሩዝ መዝራት ጀመሩ። ውኃ ይተኛበት የነበረው መሬት ገንዘብ አስገኘ፤ አርሶ አደሩም ተጠቀመ። የግጦሹ መሬት ግን እየታረሰ ሄደ። የቀረውን የወል ግጦሽ ደግሞ አሜኬላ ወረረው። ሣሩ ሲያንስ ከብቱ አነሰ፤ ከብቱ ሲያንስ ኩበቱ አነሰ፤ ከግጦሹ ዳር ይለቀም የነበረው ሥርና ቅጠልም አብሮ ራቀ። የሩዙን ትርፍ ስንቆጥር ይህን ኪሳራ ከሂሳቡ ማውጣት አይገባም።

በ2001 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም አማራ ክልልን ጨምሮ በአራት ክልሎች ሲሠራ ለዚህ ችግር አንድ መልስ ይዞ ነበር፤ እበቱ ጋዙን ከሰጠ በኋላ ዝቃጩ ለማሳ ፍግ ይሆናል። ይሁንና ትንሹ ማብላያ እንኳ በቀን 20 ኪሎ ግራም ያህል ትኩስ እበትና ያንኑ ያህል ውኃ ይፈልጋል። ከብቱን ለሸጠ ቤተሰብ ይህ አይሆንም።

ለእንዲህ ያለው ቤት የሚቀርበው የሩዙ ገለፈት ነው። ካልተፈለፈለ ሩዝ ክብደት አንድ አምስተኛው ያህል ገለፈት ስለሆነ ከአምስት ኩንታል አንድ ኩንታል ገደማ ይወጣል። በተራ ጉልቻ ሥር አየር ስለማያገኝ ታፍኖ ይጨሳል እንጂ በወጉ አይነድም፤ አየር የሚያስገባ ምድጃ ወይም ተጨምቆ እንደ ኩበት መጠፍጠፍ ይሻል። በእስያ የሩዝ አገሮች በዚሁ ገለፈት ቦይለር ይነዳበታል። ማኅበራት ሩዙን ሳይፈለፍሉ በሸጡ ቁጥር ግን ገለፈቱም አብሮ ተጭኖ ይሄዳል፤ ማገዶ ያጣችው እናትም ወደ አጥሯ ሰንሰልና እንዶድ ታያለች።