ዓለማዊው ኮሌጅና የተማሪው ሃይማኖት

በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የምንማር ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ከወላጆቻችን ዘንድ ዘወትር የምንሰማው አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ ይኸውም ትምህርቱ ሃይማኖታችሁን እንዳያስክዳችሁ የሚል ነው። ከክፍል ጓደኞቻችን ዘንድ ደግሞ ተቃራኒውን እንሰማለን፤ የተማረ ሰው ከአባቶቹ እምነት መላቀቅ አለበት እንባላለን። ሁለቱ ወገኖች የሚለያዩ ይምሰሉ እንጂ በመሠረቱ ይስማማሉ፤ ዕውቀትና እምነት በአንድ ሰው ልብ አብረው አያድሩም ባዮች ናቸው። ይህ እውነት ነውን? መልሱን በፍልስፍና ክርክር ከምንሻው ይልቅ በራሳችን ታሪክ ውስጥ ብንፈልገው ይበልጥ ይጠቅመናል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ትምህርት ማለት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበረ። ከፊደል እስከ ዳዊት፣ ከዜማ ቤት እስከ ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት የሚወጣው ተማሪ ሊቅ ሲሆን ካህን ወይም ደብተራ ይሆን ነበር። በዚያ ሥርዓት ውስጥ “ተምሬ እንዴት አምናለሁ?” የሚል ጥያቄ ቦታ አልነበረውም። ጥያቄው የተወለደው ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤታቸውን ሲያቋቁሙ መምህራኑን ከግብፅ ኮፕት ክርስቲያኖች መካከል ማስመጣታቸው የካህናቱን ሥጋት ለማብረድ የተደረገ ስምምነት ነበረ። ከመጀመሪያው ጀምሮ እንግዲህ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ከሃይማኖት ጋር እየተደራደረ ያደገ ነው።

ይህ ድርድር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ኮሌጁን እንዲያቋቁሙ አደራ የሰጧቸው ቀደም ሲል ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ሲመሩ ለነበሩት ለዶክተር ሉሲየን ማት ነበረ። እኚህ ሰው ካናዳዊ፣ ጀዝዊት ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የሆኑ መነኩሴ ነበሩ። አንባቢ ታሪኩን ያስታውሳል፤ በ1614 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ የተቀበሉት በዚሁ ማኅበር ሰባኪዎች አማካይነት ነው። ከዚያም የብዙ ሰው ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ጀዝዊቶቹም ከአገር ተባረሩ። ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይተው የተመለሱት የዚያ ማኅበር ልጆች የምንኩስና ልብስ አልለበሱም፤ ሱፍና ከረቫት ለብሰው አስተማሩ እንጂ። ስብከትም አልተፈቀደላቸውም።

ከዚህ የምንረዳው ነገር ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ከፍተኛ ትምህርት ቤታችን ዓለማዊ የሆነው መሥራቾቹ እምነት ስላልነበራቸው አልነበረም፤ አስተማሪዎቹ መነኮሳት፣ ተማሪዎቹም በብዛት የኦርቶዶክስ ልጆች ነበሩ። ዓለማዊነቱ ውል ነበረ። አንዱ የሌላውን ነፍስ በመማሪያ ክፍል እንዳይሻማ፣ የትናንቱ ደም እንዳይመለስ የተገባ ውል ነው።

በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ኮሌጁና ሌሎች ተቋማት ተዋሕደው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት የውሉ መንፈስ ቀጠለ። የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ ከዩኒቨርሲቲው ክፍሎች አንዱ ሆነ። የዩኒቨርሲቲው መሪ ቃልም በግእዝ የተጻፈ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ከላከው ከመጀመሪያው መልእክት የተወሰደ ነው፤ ሁሉን መመርመርን፣ መልካሙንም አጽንቶ መያዝን ያዝዛል። ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዓርማ ላይ ይነበባል። ምርመራን የእምነት ጠላት አድርጎ ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ ማግኘት ያስቸግራል፤ መርምር የሚለው ትእዛዝ የወጣው ከራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነውና።

ታዲያ የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብዙው ከእምነቱ የራቀው ለምንድን ነው? ምክንያቱን በላቦራቶሪና በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ይሳሳታል። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጎ ነበር። ቤተ ክህነት ሰፊ ርስትና ጉልት ነበራት፤ ዙፋኑን ትቀባለች፣ ዙፋኑም ይጠብቃታል። ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. “መሬት ለአራሹ” ብለው ሲሰለፉ ያነሡት ጥያቄ ቤተ መንግሥቱን ብቻ ሳይሆን ገዳሙንና ደብሩንም የሚነካ ነበረ። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በተገደለ ጊዜ ልዩነቱ ገደል ሆነ። በአገር ውስጥም፣ በሰሜን አሜሪካና በአውሮጳ በነበሩት የተማሪዎች ማኅበራትም ማርክሳዊነት ሥር ሰደደ። ቤተ ክህነት የባላባታዊው ሥርዓት አጋር ናት፣ ስለዚህ ማመን አድኃሪነት ነው የሚል አስተሳሰብ ነገሠ። የዚህ አባባል የመጀመሪያው ክፍል በአመዛኙ እውነት ነበረ። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው አይከተልም፤ የካህኑ ጉልት የወንጌልን እውነትነት አያረጋግጥም፣ አያፈርስምም።

በዚህ መካከል የነበረው አማኝ ተማሪ ዕጣ ከባድ ነበረ። ቢጾም ጓደኞቹ ኋላ ቀር ይሉታል፤ ስለ ገበሬው ጭቆና ቢናገር የአገሩ ሰው ከሃዲ ይለዋል። ሆኖም በዚያው ግቢ ውስጥ እምነታቸውን የጠበቁ ነበሩ፤ እንዴት እንደጠበቁ መመርመር ይገባል። የኦርቶዶክስ ተማሪዎች የሃይማኖተ አበው ማኅበር ነበራቸው፤ በዚያ ማኅበር በዜማና በግእዝ ሲሰማ የኖረውን ትምህርት በሚገባቸው ቋንቋ ተወያዩበት። በሌላ በኩል በ1959 ዓ.ም. ግድም በአብዛኛው ተማሪዎች የነበሩባቸው ወጣቶች የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ። መንግሥት ሊመዘግባቸው አልፈቀደም፤ በነሐሴ 1964 ዓ.ም. ወደ 250 የሚጠጉ አማኞች ተሰብስበው ሲጸልዩ ታሰሩ። ሁለቱ ወገኖች በትምህርተ ሃይማኖት የሚለያዩ፣ እንዲያውም የሚወቃቀሱ ነበሩ። የሚያመሳስላቸው ግን አለ፤ እምነታቸው ከውርስ ወደ ምርጫ ተሻገረ፤ በየግል ሳይሆን በማኅበር ያዙት። የሙሉ ወንጌሎቹን ወጣቶች እስር ቤት ያስገባቸው ደግሞ ኢአማኒ ፕሮፌሰር አልነበረም፤ ራሱን ክርስቲያን ብሎ የሚጠራ መንግሥት ነበረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ሌላ ትምህርት ሰጠን። ደርግ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ የቤተ ክህነትም ርስት አብሮ ሄደ፤ ይህ የተማሪው የቆየ ጥያቄ መልስ ነበረ። ነገር ግን መንግሥቱ በመሬቱ አልቆመም። በየካቲት 1968 ዓ.ም. ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ አሰረ። በ1971 ዓ.ም. አቡነ ቴዎፍሎስም፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ያለ ፍርድ ተገደሉ። የሥላሴ ኮሌጅ ተዘጋ፤ የተከፈተውም ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። በቀይ ሽብር ያለቀው ወጣት ግን አማኝም ኢአማኝም ነበረ። እንግዲህ ዓለማዊ መንግሥትና ፀረ ሃይማኖት መንግሥት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በነፍስ ጉዳይ አልገባም ይላል፤ ሁለተኛው ራሱ ቤተ መቅደስ ሆኖ መመለክን ይሻል።

በዚያ የጨለማ ዘመን የተማሪው እምነት ጠፋን? አልጠፋም። አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ወጣቶችን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሊወድቅ በተቃረበ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና ወደ ብላቴ ተላኩ፤ በሠፈሩ ውስጥ አብረው ይጸልዩ ከነበሩት መካከል የወጡ ወጣቶች በ1984 ዓ.ም. በተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን ውስጥ ዐቢይ ሚና ተጫወቱ። አሥራ ሰባት ዓመት ስለ ቁሳዊነት ሲማር የኖረው ትውልድ ያፈራው ይህንን ነው። ዙፋኑ ከወደቀ፣ ጉልቱ ከተወሰደ በኋላ የቆመ እምነት በዙፋንና በጉልት ያልቆመ መሆኑ ግልጽ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ ክርስቲያን ተማሪ የኮሌጁን ዓለማዊነት ሊፈራው ሳይሆን ሊጠብቀው ይገባል። ሙስሊሙ ወንድማችን ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር ላይ እኩል ሊቀመጥ የሚችለው በዚያ ውል ነው፤ በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ለእኩልነታቸው ሲሰለፉ ክርስቲያኖችም አብረው መውጣታቸው ይህን የተረዱ ሰዎች እንደነበሩ ይመሰክራል። ሁለተኛ፣ ስለ ፍትሕ ሲጠየቅ ዝም የሚል እምነት የተማረውን ወጣት መያዝ አይችልም። የዚያ ትውልድ ወጣት ከቤተ ክርስቲያን የራቀው በአመዛኙ ስለ ገበሬው ሲጠይቅ መልስ በማጣቱ ነው።

ዛሬ በባዕድ አገር ያለን ተማሪዎች ዙፋን የለንም፣ ጉልት የለንም፣ የሚያስገድደን ጎረቤትም የለም። እሑድ ማለዳ ቅዳሴ ብንቀር የሚጠይቀን አይኖርም። ወላጆቻችን የሚሠጉት ለዚህ ነው፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ማመን ምርጫ የሚሆነው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ስለዚህ ወገኖቻችን፣ መጽሐፉን ከመማሪያ መጻሕፍቶቻችን እኩል በጥንቃቄ እናንብብ፤ ጥያቄያችንን አንደብቅ፤ ብቻችንን ሳይሆን በማኅበር እንጽና፤ የአገራችንንም ድኻ ጉዳይ ከጸሎታችን አንለይ። ከእኛ በፊት የነበሩት ከዚህ በከፋ ቦታ ይህን አድርገዋል።